ከኋላ ወንበሯ ሥር

ቮልሷ በገመድ ተጎትታ፣ ሽምብጥ፣ ከጋራዤ በር
ስትደርስ፣ በዘጌ በኩል ሰማዩ ሊዘንብ ተሰናድቶ ነበር።
ወይዘሮ ዘርትሁን ሰላምታ አላበዛች፤
አይጥ የቀመሰውን ሊብሬ ከቦርሳዋ አወጣች።

«የአባቴ ናት፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ሳለ፣
ለመንገድ ከቸኮለ ፈረንጅ ገዛት፤ ብድሩን ስድስት ዓመት ከፈለ።
‹ጀርመን ናት› ይል ነበር ጎረቤት ሲሰበሰብ፤
‹ጀርመን ናት› ይለናል፣ ዳገት ላይ ስንገፋት፣ ላባችን ሲንጠባጠብ።
አሁን ገዢ መጣ፤ የድሮ መኪና የሚሰበስብ፣ የናዝሬት ሰው፤
‹የት እንደተሠራች ካላወቅሁ ዋጋ አልቆርጥም› ነው የሚለው።
እስቲ ቁጥሯን አንብበህ ሀገሯን ንገረኝ፤
ደስ ይበላት ብለህ ግን እንዳትዋሸኝ።»

ሠላሳ ዓመት ግራሶ ያጠገበኝ ሰው ነኝ፤
ከወረቀት ይልቅ ብረት የሚታመነኝ።
የኋላ ወንበሯን ነቅዬ አወጣሁ፤
የባትሪ ዝገት፣ የሽንብራ ቆሎ፣ አንዲት የልጅ ጫማ አገኘሁ።
«የታናሽ ወንድሜ ናት» ብላ ወስዳ ጭኗ ላይ አኖረች።
የት ሄደ አላልኳትም፤ እሷም አልነገረች።

ከሥር ስቱኮ አለ፤ ከስቱኮው ሥር ቀለም፤
ከቀለሙ ሥር ሌላ፤ የማን እጅ እንደቀባው የሚያውቅ የለም።
ብርጭቆ ወረቀት ናፍጣ አጥቅሼ፣ ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ፣
ፈተግሁ፤ ዳበስሁ፤ ደግሞ ፈተግሁ፣ ጣቴን በጨርቅ አብሼ።
ቁጥሮቹ መጡ፤ ቀድሞ ስምንቱ፣ ዘግይቶ ዜሮ፤
ከሁሉም ፊት ግን አንድ ፊደል ቆሟል፣ እንደ ዘበኛ ተገትሮ።
«ቢ» ናት። ሁለት ሆድ። አንደኛውን ዝገት በልቶታል።
እኔ ያየኋቸው ጀርመኖች በቁጥር ይጀምራሉ፤ ይህን ፊደል ማን አቁሞታል?
የፊት መብራቷን ፈታሁ፤ ከመስታወቱ ጠርዝ
ደቃቅ ጽሑፍ፤ «ኢንዱስትሪያ ብራዚሌራ» ይላል፣ በዐይን የማይያዝ።

«ብራዚል ናት» አልኳት።
ሳቀች። ዝም አለች። ጣሪያዋን በመዳፏ መታ መታ አደረገቻት።
«አርባ ዓመት በሰው ስም ጠራናት!
እሷስ አንድ ቀን እንኳ ‹አይደለሁም› ማለት አቃታት?»

ሙሄ፣ ታንኳ ሠሪው፣ ዝናቡን ሸሽቶ፣ የደንገል ሸክሙን አውርዶ፣
ሲሰማን ቆየና ገባ መሀል፣ እንደ ሽማግሌ ፈርዶ።
«የኔ ታንኳ ቁጥር የላትም፤ ግን ባሕር ላይ በሩቅ አያታለሁ፤
ቋጠሮዋ ወደ ግራ ከዞረ፣ የኛ ቤት ናት እላለሁ።
ያ እምቦጭስ?» አለ፣ አገጩን ወደ ጣና አሹሎ፤
«ሻንሲው የት ነው? ሊብሬ አለው? ወይስ ገባ ኬላ ዘሎ?»
«ዘሩ ከዚያው ነው ይላሉ፤ ከብራዚል ወንዝ።»
«እንግዲያ ዕዳ አለባቸው፤ ለሷ መኪና ሰደው፣ ለኔ መዘዝ!»

በሩ ከሌላ ቮልስ ነው፤ የሞተሩ ቁጥር ከሻንሲው አይገጥም፤
የግራ ክንፏ የዘይት በርሜል ነበር፤ ውስጡን ላየው አሁንም አለ የዛጎል ማኅተም።
የማርሹ ራስ ግን እንጨት ነው፤ መዳፍ አልሶ ያጠቆረው፤
የሽመና መወርወሪያ ነው፣ አባቷ በሰንጢ ያሳጠረው።

«ምን ልጻፍ?» አልኳት። «ያየኸውን።» ፊደሏን ከነቁጥሩ ጻፍሁ፤
ዋጋዋ በአንድ ፊደል ሲወርድ በገዛ እጄ አየሁ።
እሷ ግን ጎንበስ ብላ የማርሹን ራስ ፈታችው፤
በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ፣ ከልጁ ጫማ ጋር ቦርሳዋ ከተተችው።
«ይሄ» አለች፣ «ከሷ ጋር አይሄድም።»
የት እንደተሠራ አልጠየቅኋትም።